ማንዱካፓርኒ፦ ከሩዝ ማሳ ዳር የተነሣችው ሐረግ

በደቡብ ህንድ ዝናብ ሲጥል ቀድመው ከሚለመልሙት ዕፀዋት አንዷ ከሰው ቁርጭምጭሚት እምብዛም ከፍ አትልም። የሩዝ ማሳ ድንበር፣ የቦይ ዳር፣ የውኃ ጉድጓድ አፍ፣ የቤተ መቅደስ ኩሬ ዙሪያ፣ ብቻ እርጥበት ካለ እሷም አለች። ቀጭን፣ ቀላ ያለ ግንዷ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ መሬት ለመሬት ይሳባል። በየአንጓው ሥር ይሰድዳል፣ ከየአንጓው ቅጠል ያወጣል። አንዱን አንጓ ቆርጦ ሌላ እርጥብ ቦታ ላይ የጣለ ሰው ሌላ ተክል ተከለ ማለት ነው። ቅጠሏ ክብ ነው፤ ከአገዳው በሚገናኝበት በኩል ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ ጠርዙም በጥቃቅኑ የተከረከመ። አበባዋ ከቅጠሉ ሥር ስለሚሸሸግ ጎንበስ ብሎ ላልፈለገው አይታይም። ሲያኝኳት መረር ትላለች። የዕፀዋት ተመራማሪዎች ከድንብላል ቤተሰብ ይመድቧታል።

ህንድ ውስጥ በሄዱበት ሁሉ ስሟ ይለያያል። በሳንስክሪት ማንዱካፓርኒ፣ በታሚል ቫላራይ፣ በቤንጋል ታንኩኒ፣ በአሳም ማኒሙኒ ትባላለች፤ ባሕሩን ተሻግሮ ስሪላንካ ላይ ደግሞ ጎቱ ኮላ ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ሴንቴላ ኤዥያቲካ ነው። በሌሎች ሞቃታማ አገሮች፣ በኢትዮጵያ እርጥበታማ አካባቢዎችም ጭምር ትበቅላለች። የጽሑፍ ታሪኳ ረጅሙ ግን የህንዱ ነው። (በዚህ ትረካ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ታሪክ መነሻ ከአዩርቬዳ ሕክምና ታላላቅ መጻሕፍት አንዱ የሆነው «ቻራካ ሳምሂታ» ነው። ሊቃውንት መጽሐፉ አሁን ያለውን ቅርጽ የያዘው ከልደተ ክርስቶስ በፊትና በኋላ ባሉት ጥቂት ምዕተ ዓመታት ውስጥ እንደሆነ ይገምታሉ። መጽሐፉ ዕድሜን ያረዝማሉ፣ አካልን ያድሳሉ የሚላቸውን መድኃኒቶች በሚዘረዝርበት ክፍል አእምሮን ለማጠንከር አራት ተክሎችን ለይቶ ያስቀምጣል። ከአራቱ መጀመሪያ የተጠራችው ማንዱካፓርኒ ናት፤ የምትወሰደውም ትኩስ ጭማቂዋ ተጨምቆ ነው። ጣፋጭ ሥር ያለው ያሽቲማዱ ዱቄቱ ከወተት ጋር፣ ጉዱቺ የተባለው ሐረግ ጭማቂው፣ ሻንካፑሽፒ የተባለችው ደግሞ ከነሥሯና ከነአበባዋ ተወቅጣ ይሰጣሉ። እያንዳንዱ ተክል የየራሱ አዘገጃጀት ስላለው፣ ይህን የጻፉት ሰዎች ተክሎቹን በእጃቸው ሲያዘጋጁ የኖሩ እንደነበሩ መገመት ይቻላል።

በቀዶ ሕክምና ትምህርቱ የሚታወቀው «ሱሽሩታ ሳምሂታ»ም ለአእምሮና ለዕድሜ በሚል አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው። እዚያ ላይ ማንዱካፓርኒ ተራ መጠጥ አይደለችም፤ ሥርዓት አላት። ታካሚው አስቀድሞ አካሉን ያጸዳል፣ ለዚሁ ወደተዘጋጀ ክፍል ይገባል፣ ሆዱ የሚችለውን ያህል ጭማቂ ይጠጣል፣ ወተት ያስከትላል፣ ምግቡንም ይቆጥባል።

መጻሕፍቱ የሊቃውንትና የመኳንንት ነበሩ። ሐረጊቱ ግን በድሃው ቤት ደጃፍ ሳትተከል ትበቅል ስለነበር ሌላ፣ ያልተጻፈ ታሪክ አላት። ይህን ታሪክ የያዙት ሴቶች ናቸው። በቤንጋል ሆዱ ለተረበሸ፣ ተቅማጥ ለያዘው ሰው የታንኩኒ ቅጠል ተፈጭቶ ከሩዝ ጋር ይቀርባል። በታሚል አገር ደግሞ እናቶች ትምህርት ይገባቸው ዘንድ ለልጆቻቸው የቫላራይ ማባያ ይሠራሉ። በካርናታካ ባሕር ጠረፍ የሚዘወተረው «ታምቡሊ» አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንድ እፍኝ ቅጠል ይታጠባል፤ ከሙንና ቁንዶ በርበሬ በትንሽ ቅቤ ላይ ጠብሰስ ይደረጋል፤ ቅጠሉም በላዩ ላይ ገብቶ እስኪጠወልግ ድረስ ብቻ ይገላበጣል፤ ከዚያ ከተፈቀፈቀ ኮኮናት ጋር በድንጋይ ላይ ይላቆጣል፤ በመጨረሻ በአሬራ ይቀጥናል። መልኩ አረንጓዴ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ትንሽ መረር የሚል ሆኖ በሩዝ ላይ ይፈስሳል። ምግብ ነው ወይስ መድኃኒት ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባቫሚሽራ የተባሉ ሊቅ «ባቫፕራካሻ» የሚባለውን የመድኃኒት መጽሐፍ ሲያዘጋጁ ማንዱካፓርኒን ብራህሚ ከምትባል ሌላ ተክል ጎን አስቀመጧት፤ ጠባያቸውም ተመሳሳይ ነው አሉ። ብራህሚም በእርጥብ መሬት የምትሳብ ትንሽ ዕፅ ናት፤ ግን ቅጠሏ ወፍራምና ሞላላ ነው፣ ቤተሰቧም ጨርሶ ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ በሰሜን ህንድ ገበያ ብራህሚ ተብላ የምትሸጠው ብዙ ጊዜ ማንዱካፓርኒ ሆነች፤ በኬረላ ደግሞ ብራህሚ የሚባለው ያው የጥንቱ ሌላው ተክል ሆኖ ቀረ። ሁለቱ በውስጣቸው የያዙት ንጥረ ነገር ስለሚለያይ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ እስከዛሬም የመድኃኒት ጠርሙስ ገዢን ግራ ያጋባል።

ቀጣዩ ምዕራፍ የሚከፈተው በኮቺን ወደብ ነው። ሄንድሪክ ቫን ሬድ የተባሉ ሆላንዳዊ መኰንን ከ1670 ጀምሮ የሆላንድ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የማላባር ጠረፍ ገዢ ነበሩ። ወታደሮቻቸው በአካባቢው በሽታ ሲረግፉ፣ መድኃኒት ከአውሮፓ በመርከብ ሲመጣ ወራት ሲፈጅና ሲበላሽ አዩ። በዙሪያቸው ያለው ጫካ ግን በመድኃኒት የተሞላ ነበር፤ የሚያውቁትም የአገሩ ሰዎች ናቸው። ቫን ሬድ ሰብሳቢዎች ወደ ጫካ ላኩ፣ ሠዓሊዎች ከነሕይወቱ የመጣውን ተክል እንዲሥሉ አደረጉ። የአገሩ ሐኪሞች የነገሯቸው በማላያላም ተጽፎ ወደ ፖርቱጋልኛ፣ ከዚያም ወደ ላቲን ተተረጎመ።

ከእነዚህ ሐኪሞች መካከል ኢቲ አቹዳን ይገኙበታል። ኢቲ አቹዳን በዘመኑ የዘር ደረጃ ዝቅ ተደርገው ከሚታዩት ከኤዛቫዎች ወገን የተወለዱ፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፉ በዘንባባ ቅጠል ላይ የተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍት የነበሯቸው የታወቁ ባለመድኃኒት ነበሩ። በ1675 የሰጡት ምስክርነት በእጅ ጽሕፈታቸው እንዳለ በመጀመሪያው ቅጽ ታትሟል። ሦስት የኮንካኒ ብራህማኖችም፣ ራንጋ ባት፣ ቪናያካ ፓንዲትና አፑ ባት፣ ተመሳሳይ ምስክርነት ሰጥተዋል። ከ300 ዓመት በፊት የአውሮፓ ማተሚያ ቤት የአንድን ህንዳዊ ባለመድኃኒት ስም፣ ያውም ከዝቅተኛ ወገን የተወለደን ሰው፣ ከነሥራው ማተሙ እምብዛም የማይገኝ ነገር ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ስንቱ ዐዋቂ ዕውቀቱ ተወስዶ ስሙ ሳይጠራ ቀርቷል።

«ሆርቱስ ማላባሪኩስ» የተባለው ይህ ሥራ ከ1678 እስከ 1693 በ12 ቅጾች አምስተርዳም ላይ ታተመ። የኛዋ ሐረግ በአሥረኛው ቅጽ ውስጥ ኮዳጋም በሚል የአገሩ ስም ተሥላ ትገኛለች። ቫን ሬድ የመጨረሻዎቹን ቅጾች አላዩም፤ በ1691 ወደ ሱራት ሲጓዙ መርከብ ላይ ሞቱ። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1753 ለዓለም ዕፀዋት ሁሉ ሁለት ሁለት ስም ሲያወጡ ለማንዱካፓርኒ ሃይድሮኮቲል ኤዥያቲካ የሚለውን ሰጧት፤ ለዚህም ከተደገፉባቸው ምንጮች አንዱ ያ የማላባር ሥዕል ነበር። የዛሬ ስሟን ያገኘችው በ1879 በጀርመናዊው ኢግናዝ ኡርባን ነው።

እስከዚህ ድረስ የታሪኳ ዋና መስመር አእምሮና ሆድ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ቆዳ ዞረ፤ ያዞሩትም በሽተኞች ናቸው።

ቧሎ የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ሞሪሺየስ ደሴት ላይ ይሠሩ ነበር። የሥጋ ደዌ ያዛቸው። በዚያ ዘመን ይህ በሽታ ምክንያቱ የማይታወቅ፣ መድኃኒት የሌለው፣ ሰውን ከቤቱና ከሥራው የሚነቅል ነበር። ቧሎ ሐረጊቱን በራሳቸው ላይ ሞከሩ፤ ቁስላቸው ሲቀንስ፣ አካላቸው ሲበረታ አዩ። በ1852 ገደማ ግኝታቸውን ለሌሎች ሐኪሞች አሳወቁ። ወሬው የህንድ ውቅያኖስን ተሻግሮ በፈረንሳይ እጅ ወደነበረችው ፖንዲቼሪ ገባ። እዚያ የነበሩት የባሕር ኃይሉ ፋርማሲስት ዡል ሌፒን በ1855 ተክሏን በኬሚስትሪ መርምረው አንድ ቅባት ያለው መራራ ነገር አወጡ፤ ቬላሪን ብለው የሰየሙትም ከታሚሉ ስም ከቫላራይ ወስደው ነው።

በዚያው ዓመት ከፖንዲቼሪ በስተሰሜን ማድራስ ከተማ፣ አሌክሳንደር ሀንተር የተባሉ ሐኪም በሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ ሕሙማን ላይ ሞከሩት። ሀንተር የተናገሩት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተባሉት ሁሉ ሚዛናዊው ነው። መድኃኒቷ የሥጋ ደዌን ከሥሩ አትነቅልም አሉ። ግን የታማሚውን አጠቃላይ ጤና ታሻሽላለች፣ ሥቃዩንም ታቀልላለች። ሁሉም ሰው ፈውስ በሚጠባበቅበት ሰዓት ይህን ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ብዙዎች «አታድንም» የሚለውን ሰምተው «ታቀልላለች» የሚለውን ረሱት፤ ሌሎች ደግሞ ተገላቢጦሹን።

በ1868 ኤድዋርድ ዋሪንግ ያዘጋጁት የህንድ ፋርማኮፒያ ሲታተም ማንዱካፓርኒ በይፋ መድኃኒትነት ገባች። ሁለት ዝግጅቶች ነበሯት፤ የሚዋጥ የቅጠል ዱቄትና በቁስል ላይ የሚለጠፍ የትኩስ ቅጠል ልጥፍ። ቅጠሉ የሚደርቀው በጥላ ነው። ለልጥፉ ተክሏ በሙቀጫ ትወቀጥና በቁስሉ ላይ ትደረጋለች። የገጠር ሴቶች ሲያደርጉት የኖሩት ይኸው ነበር፤ አሁን የመንግሥት ማኅተም አገኘ።

ይሁን እንጂ ተቀናቃኝ ነበራት። በ1854 ፍሬድሪክ ሙአት የተባሉ ሐኪም ካልካታ ላይ ቻውልሙግራ የተባለውን የዛፍ ፍሬ ዘይት ለሥጋ ደዌ አስተዋውቀው ነበርና የሐኪሞቹ ቀልብ ወደዚያ ሄደ። ዘይቱ ሲጠጣ ያቅለሸልሻል፣ በመርፌ ሲሰጥ ያሠቃያል፤ ግን ለሰባ፣ ሰማንያ ዓመታት ገነነ። በመሐል በ1873 ኖርዌያዊው አርማወር ሀንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ አገኙ። ተላላፊነቱ መታወቁ ለሕሙማኑ በጎ አላመጣም። በ1898 የወጣው የህንድ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሕግ ለማኝ የሆኑት እየታሰሩ በግቢ እንዲዘጋባቸው፣ ከአንዳንድ ሥራዎችም እንዲታገዱ ፈቀደ። ይህ ሕግ የተሻረው በ2016 ነው። አንድ መቶ አሥራ ስምንት ዓመት!

በሌፒን ያልተጠናቀቀው ኬሚስትሪ የተፈታው ከ86 ዓመት በኋላ ነው። በ1941 ቦንተም የተባሉ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ከሐረጊቱ ንጹሕ ንጥረ ነገር አወጡ፤ ኤዥያቲኮሳይድ ተባለ። ተክሏ በማዳጋስካርም ከጥንት ጀምሮ ትበቅላለች፤ እዚያ ታላፔትራካ ይሏታል። በአንታናናሪቮ የጺምባዛዛን የዕፀዋት ሥፍራ ያስተዳድሩ የነበሩት ፒየር ቧቶና ማዳጋስካራዊው ሐኪምና የባዮኬሚስትሪ ሊቅ አልቤር ራኮቶ ራትሲማማንጋ በ1940ዎቹ ይህን ንጥረ ነገር በሥጋ ደዌ ላይ አጠኑት። ሐሳባቸው ባክቴሪያውን የሸፈነውን ሰም መሳይ ልብስ ይሰብር ይሆናል የሚል ነበር። ፈውሱ እንደታሰበው አልሆነም። ቁስሎቹ ግን ጠገጉ። ሀንተር ማድራስ ላይ ያሉት ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ በሌላ አገር ተረጋገጠ ማለት ነው፤ ተክሏ የምትሠራው በባክቴሪያው ላይ ሳይሆን በቆሰለው ሥጋ ላይ ነው። ከዚህ ሥራ ማዴካሶል የተባለ የቁስል ቅባት ተወለደ፤ ፈረንሳይ አገር ተሠርቶ ለዓለም ተሸጠ።

ባክቴሪያውን የሚገድለው መድኃኒት የመጣው ከፋብሪካ ነው። ከማድራስ ብዙም በማይርቀው ቼንጋልፓቱ ሮበርት ኮክሬን በ1946 ዳፕሶን የሚባለውን መድኃኒት ለሕሙማን መስጠት ጀመሩ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ዳፕሶንን ከሪፋምፒሲንና ከክሎፋዚሚን ጋር አጣምሮ መስጠትን አዘዘ። ህንድ በ2005 መጨረሻ በሽታው ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች ወርዷል ብላ አወጀች፤ ቢሆንም ዛሬም በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚመዘገቡት አዲስ ታማሚዎች ከግማሽ በላይ የሚገኙት እዚያው ነው።

ቁስሉ ለምን ይመጣል? ይህን በሚገባ ያሳዩት በታሚል አገር ቬሎር ከተማ የሠሩት የቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ናቸው። የታማሚው ጣት በራሱ በስብሶ አይወድቅም፤ በሽታው ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ሰውየው የጋለ ድስት ሲይዝ፣ ሚስማር ሲረግጥ አይሰማውም፤ ስለማይሰማው ያንኑ ቁስል ደግሞ ደጋግሞ ይረግጠዋል። ብራንድ በ1965 አዲስ አበባ ላይ በተቋቋመው የአለርት ማዕከል ምሥረታም እጃቸው አለበት፤ ስለዚህ የቬሎር ትምህርት ለኢትዮጵያ ሐኪሞች ሩቅ አይደለም። ባክቴሪያው ከሞተ በኋላ እንኳ የደነዘዘው እግር ደንዝዞ ይቀራል፣ ቁስሉም ይመላለሳል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የቆዳው ጉዳይ በቤተ ሙከራ ምክንያት ተገኘለት። በ1990 ፈረንሳዊው ማካርና ባልደረቦቻቸው ከሐረጊቱ የወጡት ውሁዶች የቆዳ ሕዋሳት ኮላጅን አብዝተው እንዲሠሩ እንደሚያነሣሡ አሳተሙ። ኮላጅን ቁስልን የሚደፍን፣ ቆዳን የሚያያይዝ ፕሮቲን ነው። በ1999 የዓለም ጤና ድርጅት በመድኃኒት ዕፀዋት ላይ ባወጣው የመጀመሪያ ቅጽ ለተክሏ አንድ ምዕራፍ ሰጣት፤ በሰው ላይ በተደረገ ሙከራ የተደገፉ ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል ቁስል፣ ቃጠሎና የሚያብጥ ጠባሳ ይገኙበታል። ደቡብ ኮሪያውያን ደግሞ የፊት ቅባት ኢንዱስትሪ ገነቡባት።

የጥንቱ የአእምሮ ነገርስ? ህንድ ውስጥ በ1973 አፓ ራኦና ባልደረቦቻቸው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሕፃናት የተክሏን ዱቄት ሰጥተው መሻሻል አየን ሲሉ ጻፉ። ብዙዎች በደስታ ጠቀሱት። ግን በ2017 የታይላንድ ተመራማሪዎች እስከዚያ የተደረጉትን 11 ሙከራዎች ሰብስበው ሲመዝኑ የማስታወስና የማሰብ ችሎታን ትጨምራለች ለማለት የሚያበቃ ልዩነት አላገኙም፤ ንቃትን ትንሽ ከፍ እንደምታደርግ የሚጠቁም ነገር ግን አይተዋል። ቻራካን ለማክበር ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ጉዳትም አላት። በ2005 በታተመ ዘገባ መሠረት አርጀንቲና ውስጥ ተክሏን ለሳምንታት በኪኒን መልክ የወሰዱ ሦስት ሴቶች ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ጉበታቸው ተቆጥቶ ሆስፒታል ደረሱ፤ ሲያቆሙ ዳኑ። በአሬራ የተላቆጠ አንድ እፍኝ ቅጠልና በፋብሪካ የተጨመቀ ኪኒን በመጠን አይተካከሉም። ሌላው ሥጋት መሬቱ ነው። ሐረጊቱ ካለችበት አፈር እርሳስን የመሰሉ ብረቶች ትስባለች፤ የምትወደው ደግሞ እርጥብ ቦይ ነው፤ የዛሬው የከተማ ዳር ቦይ ምን እንደሚያወርድ ይታወቃል። በዚህ ምክንያት ከዱር ከመልቀም ይልቅ ንጹሕ ውኃ ባለበት ማሳ መትከል በህንድ እየተለመደ ነው። የአዩርቬዳ ፋርማኮፒያም ማንነቷ በምርመራ እንዲለይ መመዘኛ አውጥቶላታል፤ ብራህሚ ተብሎ የተሸጠው ዱቄት የየትኛዋ እንደሆነ አሁን ቤተ ሙከራ ይለያል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የበለጠ ትኩረት የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። በ2010 ታይላንድ ውስጥ 200 የስኳር ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ ታተመ። ከተክሏ የተጨመቀውን መድኃኒት የዋጡት ሰዎች የእግር ቁስል ካልዋጡት ይልቅ ቶሎ ጠበበ፤ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳትም አልታየም። የስኳር በሽታም እንደ ሥጋ ደዌ እግርን ያደነዝዛል፤ ታማሚው መቁሰሉን ሳያውቅ ይውላል፣ ቁስሉ ይሰፋል፣ ብዙ ጊዜም እግር እስከመቆረጥ ይደርሳል። በ2023 ይፋ በሆነው የህንድ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት መሠረት በአገሪቱ ከስኳር በሽታ ጋር የሚኖረው ሕዝብ 101 ሚሊዮን ነው። አንድ ሙከራ አይበቃም፤ በዛሬዎቹ ቼናይ (ማድራስ) እና ኮልካታ (ካልካታ) ሆስፒታሎች፣ በብዙ ሺህ ታማሚ፣ በጥንቃቄ መደገም አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብና ፈቃድ ነው፤ ተክሏ እንደሆነች ከሆስፒታሎቹ ግቢ ውጭ ባሉት የሩዝ ማሳዎች ዳር በብዛት ትበቅላለች።